በግራ እጅ የተሳለ ሰዓት

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው አባባ የሱቃቸውን በር ወለል አድርገው ትተው ወደ ቤት የመጡ ዕለት ነው።

ሱቅ ይባል እንጂ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ የስፌት መኪኖች ተሰልፈዋል። መሬቱ ላይ ፔዳል አለ፣ ቺንጋ አለ፣ የተበታተነ ሞተር አለ፤ ሰው ሲገባ እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ መርጦ ነው። የመኪና ዘይቱ ሽታ አንዴ ልብስ ላይ ከወጣ በሳሙናም በልመናም አይለቅም። አባባ እዚያች ክፍል ውስጥ መኪና ሲጠግኑ ፀጉራቸው ሸበተ፤ ሸብቶም አልቀረ፣ ተመለጠ። ያን ዕለት ታዲያ በሩን እንደተከፈተ ትተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቤታቸው ገቡ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ባትኖር ኖሮ ሌባ እንኳን መኪኖቹን መደርደሪያውንም አይምርም ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ወንበር አስደግፋ፣ ቤት ስልክ የደወለችው እሷ ናት።

ስልኩን ደግሞ ማንሳት የሌለባት ሰው አነሳችው። የአባባ ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው የመርፌ እናት። ነርስ ናት። ነርስ ባለችበት ቤት እንደ ልብ ማስነጠስ እንኳ የለም፤ ያስነጠሰ ሰው ብብቱ ሥር ቴርሞሜትር ሳይገባ እራት አይበላም። ስልኩን ዘጋችና አባቷ ፊት ቆመች። አልጮኸችም። እሷ ካልጮኸች ነው የሚያስፈራው።

«አባዬ፣ የዛሬውስ በሰው ደግነት አለፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገም ቁልፉን ለእኔ ይሰጡኛል፤ ሱቁም ይዘጋል።»

አባባ «እህ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። አባባን ከሱቁ ማስወጣት ማለት ክር የሌለው የስፌት መኪና ማድረግ ማለት ነው፤ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ አንዲት ነገር አይሰፋም። ይህን እናትየውም ታውቃለች። ግን ጥላቸው የማትመጣ ታማሚዎች አሏት፣ የምታድርበት ተራ አለባት፣ እና ፈርታለች። የፈራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መቆለፍ ነው።

መርፌ ይህን ሁሉ ከበሩ ጥግ ሆና ሰማች። መርፌ ስሟ አይደለም፤ አባባ ናቸው ያወጡላት። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ እሳቸው። ሰፈሩ ግን የማትወጋው ሰው ስለሌለ ነው ይላል። ግማሽ ቀን ትማራለች፣ ግማሽ ቀን አባባ ሱቅ ትውላለች። አባባን ሁልጊዜ በአንቱታ ነው የምታነጋግረው፤ ስድቧንም ቢሆን በአንቱታ ጠቅልላ ስለምታቀርበው ማንም ባለጌ ናት ሊላት አይችልም።

በማግስቱ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይዛ ነው የገባችው። ሬዲዮ ላይ አንድ ዶክተር ሲናገር ሰምታለች። አእምሮ እንደ ቢላ ነው አለ፤ ያልተሳለ ይዶለዱማል። ስለቱ ደግሞ ገበያ የሚገዛ አይደለም፤ የየቀን ልማድ ነው። የለመዱትን እጅ ትቶ በሌላው መሥራት፣ በአንድ መንገድ ብቻ አለመመላለስ፣ አዲስ ነገር መማር፣ የዋሉበትን ማታ አስታውሶ መናገር፣ በደንብ መተኛት፣ ከሰው ጋር መጫወት። መርፌ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ከዘረዘረችው በኋላ ከዛሬ ጀምሮ የአባባ አሠልጣኝ እሷ መሆኗን አስታወቀች።

አባባ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። እናቷን ማሠልጠን ይሻላል አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ካቻቢቴውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። እናትሽ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ታምሜያለሁ ብዬ እንደመሰከርኩ ትቆጥረዋለች አሉ። መርፌም ማለች።

በግራ እጅ ተጀመረ። ለዚህ ወር ግራ ነው ብላ ደነገገች። አባባ ጥርሳቸውን በግራ ሲቦርሹ ሳሙናው ጥርሳቸውን ትቶ አገጫቸውን አነጣው። በግራ ሾርባ ሲጠጡ ከሆዳቸው ሸሚዛቸው ጠገበ። ያችን ጆሯቸው ሥር የቀረችውን ፀጉር በግራ ሲያበጥሩማ መርፌ መስተዋቱን ልያዝልዎት ወይስ ፀጉሩን ልፈልግልዎት ብላ ጠየቀቻቸው። በሥራ መሣሪያ ብቻ ቀኝ ተፈቀደ፤ እሱም የሰው መኪና ከተጫረ በኋላ።

ቀጥሎ አዲስ ነገር መማር መጣ። ዳማ አውቃለሁ አሉ፤ የሚያውቁት አይቆጠርም አለች። በስልክ መጻፍ ሞክረው አውራ ጣታቸው በአንድ ጊዜ ብዙ ፊደል እየጨፈለቀ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ሰምታ፣ ክርና ኪሮሽ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ወሬ የምትወድ፣ ሳቋ ከሱቋ ቀድሞ መንገድ የሚወጣ ሴት ናት። ጋሼን ዳንቴል አስተምራለሁ አለች። አባባ መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ሞከሩ። ከዚያ ማን ይያዛቸው። ሰው የሌለ ሲመስላቸው ባንኮኒው ሥር አድርገው ይሠሩ ጀመር። አንድ ቀን ደንበኛቸው ጃኬት ሰፊው መኪናውን ሊወስድ መጥቶ፣ ጎንበስ ሲል አባባ ጭን ላይ ሮዝ ዳንቴል አየ። ምንም አላለም። ውጭ ወጥቶ ግን ያልነገረው ሰው የለም።

ማታ ማታ እራት ላይ ደግሞ የዋሉበትን ይናገራሉ። ማን መጣች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ መኪናዋ ምን ሆነ። መርፌ በልቧ ማርክ ትሰጣለች። እናትየው አባቷ ዘንድሮ ወሬኛ ሆኑ ብላ ተገረመች እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

ጉድ ያመጣው መንገዱ ነው።

ከቤት እስከ ሱቅ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ አስፋልቱን ይዞ መሄድና መታጠፍ ብቻ። መርፌ ግን በየቀኑ ሌላ ይሁን አለች። አንድ ቀን በእንጨት ቤቶቹ በኩል፣ አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ አንድ ቀን በደረጃው። ሲሄዱም ዝም ብሎ መሄድ የለም። መታጠፊያው ላይ ቆመው ዙሪያቸውን አይተው፣ ያዩትን በቃላቸው ይዘው መምጣት አለባቸው። ሰማያዊ በር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ መስኮት ላይ የተኛች ድመት። አባባ እንዳይረሱት እየደጋገሙ ያነበንቡታል። እንግዲህ ሩቅ ሆኖ ላየ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ሽማግሌ ያለ ሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ቆሞ፣ ግራ ቀኙን እያየ፣ ለብቻው «ቧንቧ፣ ድመት፣ ሰማያዊ» ይላል።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ነው ያጠፋው። ሮጦ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ።

«አባት፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ሱቄ ነዋ።»

«ሱቅዎ በዚያ በአስፋልቱ በኩል አይደለም እንዴ?»

«እሱማ የትናንቱ ነው» አሉ አባባ። ሥልጠና ላይ ነኝ ብለው ማስረዳት ለክብራቸው ስላልተመቸ፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሄዱ።

ወሬ ነጋሪ አያጣም። ዳቦ ሻጩ መንገድ ጠፍቷቸው አየኋቸው አለ። ጃኬት ሰፊው ስለ ዳንቴሉ አወራ። ጥበቃው እያዘነ፣ ሱቃቸው የትናንቱ ነው አሉኝ፣ ምን ማለታቸው ይሁን አለ። ሁሉም ለማንም አልተናገሩም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገሩት፤ ያ አንድ ሰውም ለአንድ ሰው ብቻ። በዚህ ዓይነት ወሬው የነርሷ መሥሪያ ቤት ድረስ በእግሩ ሄደ።

እናትየው ጋዋኗን ሳታወልቅ ሱቅ መጣች። አባባ የአንዲት ደንበኛን መኪና ዘይት እያጠጡ ነበር። ደንበኛዋ እስክትሄድ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ከሐኪም ጋር ተነጋግራ ቀጠሮ ይዛለች። ሐኪሟ ደህና ናቸው ካለች ቁልፉ ይመለሳል፤ ካላለች ሱቁ እንደተዘጋ ይቀራል አለች። አባባ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡት። መርፌ አፏን ከፈተች። አባባ አዩዋት። መልሳ ዘጋችው። መርፌ አፏን ከፍታ ቃል ሳይወጣት የዘጋችበትን ሌላ ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ቀጠሮው ድረስ አባባ ቤት ተቀመጡ። ግራ እጃቸውን ግን አልተዉም። መርፌ በቃ ይተዉት ስትላቸው፣ የወር ነገር በወሩ ነው የሚያልቀው አሉ። እሷ በልቧ በአንድ ነገር እርግጠኛ ነበረች፤ አባባ ምንም አልሆኑም። ማርኳን የምታውቀው እሷ ናት። ሐኪሟ ትጠይቅ፣ አባባ ይመልሱ፣ ቁልፉ ይመለስ። ነገሩ ፈተና ከሆነ የተዘጋጀ ተማሪ ያልፋል።

የሐኪሟ ክፍል ነጭ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የራስ ቅል ሥዕል። እናትና ልጅ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። መጀመሪያ ቀኑን ጠየቀች፤ አባባ ነገሯት። ወሩን ጠየቀች፤ ነገሯት። ከዚያ፣ በኋላ ስለምጠይቅዎ በልብዎ ይያዙልኝ ብላ ቃላት ሰጠቻቸው፤ ሎሚ፣ ድልድይ፣ ጃንጥላ፣ ፈረስ፣ ማንኪያ። አባባ ደገሙላት። መርፌ ፈገግ አለች። ይህማ ድመትና ቧንቧ ነው።

ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ተሰጣቸው። ሰዓት ይሳሉልኝ፣ ቁጥሮቹን ያስገቡ፣ ሁለቱንም ዘንጎች ያድርጉ ተባሉ። አባባ እርሳሱን አነሱ። አየት አደረጉት። ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት።

የወጣው ነገር ሰዓት አይደለም። ሰው የረገጠው ቲማቲም ነው። ቁጥሮቹ ከሞላ አውቶብስ እንደሚወርድ ሰው ተገፋፍተው አንድ ጎን ላይ ተከመሩ። የተረፉት ከክቡ ውጭ ቆመው ቀሩ። ዘንጎቹ መሐል መገናኘት ሲገባቸው ተኳርፈው ተለያዩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ የሆነ ነገር ጻፈች። እናትየው እንዲህ ያለ ሰዓት የመርሳት በሽታ ምልክት እንደሆነ በሥራዋ ታውቃለች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

መርፌ መሐላዋን ረሳች።

«አባባ፣ በቀኝ! በቀኝዎ ይሳሉ እንጂ!»

«ለዚህ ወር ግራ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አሉ አባባ፣ ተቆጥተው።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ መርፌ ዞረ። ከዚያ በኋላ መደበቅ የለም። ሬዲዮውን፣ ጥርስ ቡርሹን፣ ዳንቴሉን፣ መንገዱን፣ የትናንቱንና የዛሬውን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናትየው እያዳመጠች መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ነጣች፣ ከዚያ ቤት እንገናኝ የሚለውን ዓይኗን ልጇ ላይ ተከለች። ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ሌላ ወረቀት ሰጠቻቸው። አባባ በቀኝ እጃቸው ክብ ሳሉ፤ የተዋጣለት ክብ። ቁጥሮቹ በየቦታቸው ገቡ። ከጀርባ ብሎን ያለው መሆኑን ለማሳየት ትንሽ ብሎንም ጨመሩበት።

መርፌ አሸነፍን ብላ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። ቅድም የሰጠሁዎ ቃላትስ አለች። አባባ ሎሚ አሉ። ፈረስ አሉ። ቆዩ። ማንኪያ አሉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረገ። ሐኪሟ አልቸኮለችም። አባባ ጣራውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ በመጨረሻ መርፌን አዩ። መርፌ ድልድይና ጃንጥላ ምላሷ ላይ ነበሩ። መናገር አይፈቀድም። አባባ እየቀለዱ አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። ድልድዩም ጃንጥላውም የሉም።

«አባቴ፣ ያን ቀን ሱቁ ክፍት የቀረው እንዴት ነበር?» አለች ሐኪሟ። «ረስተውት ነው?»

አባባ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡ።

«መርሳትማ አልረሳሁም» አሉ ኋላ። «በሩ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። የት እንደሚገባ ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን የዘጋሁት በር ነው። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ አልመጣልኝም። ሰው ያየኝ መሰለኝና አፈርኩ። ጥዬው ሄድኩ።»

መርፌ ያኔ ነው አንድ ነገር የገባት። አባባ እሺ ያሉት ለጨዋታ አልነበረም። የሳሙናውን አገጭ፣ የሾርባውን ሸሚዝ፣ የሷን ሹፈት ሁሉ የቻሉት ፈርተው ነው። እሷ ማርክ ትሰጥ ነበር፤ እሳቸው በጥፍራቸው ቆመው ነበር።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረች፤ ቁምነገሩ ይህ ነው። የጀመሩት ልማድ ጥሩ ነው፣ አይተዉት። መሄዱም፣ መማሩም፣ ከሰው ጋር ማውራቱም ይጠቅማል። ግን ክታብ አይደለም፤ በግራ እጅ ብቻ የዳነ ሰው የለም። እንቅልፍዎስ ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደሌላቸው ተናገሩ። እንግዲህ ሌሊት ያልተኛ አእምሮ ቀን እንዴት ይሥራ አለች። ደም ይታይ፣ ጆሮም ይታይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ይምጡ፤ በአንድ ቀን ይህ ነው ብዬ አልፈርድም አለች። ስለ ሱቁ ስትጠየቅ፣ ሱቁን መዝጋት ካሰባችሁት ሁሉ የባሰው ነው አለች። ብቻቸውን መሆናቸው ነው እንጂ ችግሩ፣ መሥራታቸው አይደለም።

ውጭ ደረጃው ላይ ሲደርሱ እናትየው ቁጭ አለች። ቀኑን ሙሉ ታማሚ ስታዝ የምትውል ሴት ምን ብላ እንደምታዝ ጠፋት።

«በሽታውን የደበቀ መዳኒት የለውም እያሉ እርስዎ አይደሉ ያሳደጉኝ?» አለች። «ለእኔ እንዴት አይነግሩኝም?»

«አንቺ ቁልፉን ጠየቅሽኝ እንጂ» አሉ አባባ፣ አጠገቧ ቀስ ብለው እየተቀመጡ፣ «ምን ሆኑ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

እናትየው እጃቸውን ያዘች። መርፌም መጥታ በሌላ ጎናቸው ተቀመጠች። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው በጎናቸው እየወጣና እየወረደ፣ ነገሩን እንደ ጨርቅ ዘርግተው አዩት። ሱቁ አይዘጋም፤ ቁልፉም ይመለሳል። አባባ ብቻቸውን አይውሉም። መርፌ ትምህርት ላይ ስትሆንስ የሚለው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። አባባ ጠባቂ አልፈልግም አሉ። እናትየው እንግዲያስ ጎረቤት ይፈልጉ አለች።

ጎረቤት ሩቅ አልነበረችም። ልብስ ሰፊዋ ክፍሏ ጨለማ ስለሆነ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ደጅ የምትወጣ ሰው ናት። የአባባ ሱቅ ደግሞ ትልቅ መስኮት አለው። መስኮቱ ሥር መኪናዋን ታድርግ ሲባል ጭቅጭቅ አላስፈለጋትም። ጋሼ ወሬዬን ከቻሉት እኔ የዘይታቸውን ሽታ እችላለሁ አለች። አባባ ከሁለቱ ከባዱ የቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል አሉ።

ዕቃው የተዛወረ ቀን እናትየውም ከተራዋ ወጥታ መጥታ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ ግን በሩ ላይ ተቀርቅሮ ቆመ። ወደ ውስጥም አይገባ፣ ወደ ውጭም አይመለስ። አባባ ከውስጥ ሆነው ወደ እኔ ግፉት አሉ፤ ተገፋ፣ ባሰበት። ወደ ላይ አንሱት አሉ፤ ተነሳ፣ የበሩን ቀለም ላጠው። ልብስ ሰፊዋ እዚያው መንገድ ላይ መስፋት ልጀምር እንዴ እያለች ትስቃለች። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው ሳቁና፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ፣ ይፈታ አሉ። እግሩ ተፈታ፣ ፔዳሉ ተፈታ፣ ሁሉም በየተራ ገባ፤ መስኮቱ ሥር መልሰው ይገጥሙት ጀመር።

መርፌ ብሎን ታቀብላለች፣ አባባ ያስራሉ። መጨረሻ ላይ አንዲት ጎባጣ ብረት እጃቸው ላይ ቀረች። አገላበጧት። ወደ ብርሃኑ አደረጓት። ድሮ ቢሆን ኪሳቸው ከትተው፣ የዛሬ ፋብሪካ ትርፍ ዕቃ ይጨምራል ብለው ያልፏት ነበር።

«መርፌ፣ ይቺ የት ነበረች?» አሉ፣ ልብስ ሰፊዋም ልጃቸውም እየሰሙ።

መርፌ አፏ ላይ የመጣላት ቀልድ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ። ዋጥ አደረገችው።

«ከፔዳሉ ሥር ነው አባባ። ፔዳሉንና እግሩን የምታያይዘው እሷ ናት።»

«አዎ፣ አዎ» አሉ አባባ፤ ጎንበስ ብለውም ገጠሟት።